ደሙ አለበት አለ፣ ሰገራው የለበትም አለ፣ የቱን ልመን?

ጥያቄ፦ ዶክተር ጤና ይስጥልኝ፣ ከባህር ዳር ሽምብጥ ነኝ። የ8 ዓመት ልጄን እምብርቱ አካባቢ ያመዋል። በደም ሲታይ ኤች ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ አለበት ተባለ፣ ከአባቱ የተረፈ ኦሜፕራዞልና አሞክሲሲሊን ነበር ጥቂት ቀን ሰጠሁት፣ ከዛ ሌላ ክሊኒክ በሰገራ አይተው የለበትም አሉኝ። አያቱ በጨጓራ ካንሰር ነው ያረፉት። የቱን ልመን?

መልስ፦ እህቴ፣ እንቅልፍ የነሳሽ የአያቱ ነገር መሰለኝ፣ ከሱ ልጀምር። ባክቴሪያው ቢኖርበት እንኳ ካንሰር ያዘው ማለት አይደለም። አገራችን ውስጥ ስንቱ ሰው በልጅነቱ ይዞት ምንም ሳይሰማው ይኖራል፣ ወደ ካንሰር የሚሄድባቸው ጥቂቶች ናቸው፣ እሱም ስንት አስር ዓመት ቆይቶ። በ8 ዓመት ልጅ ላይ ይሄ እጅግ ብርቅ ነው። የአያቱን ነገር ግን ለሐኪሙ ንገሪው።

የቱን ልመን ላልሽው፣ ሁለቱም አይታመኑም። ደሙ የሚያሳየው አንቲቦዲ ነው፣ ሰውነት ባክቴሪያውን ለመከላከል የሚሰራው ማለት ነው፣ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ብዙ ይቆያል፣ ልጆች ላይማ ጭራሽ አንመካበትም። የባክቴሪያውን የራሱን ክፍል የሚፈልገው የሰገራው አንቲጅን ምርመራ ጥሩ ነበር፣ ግን መድሃኒት ሰጥተሽ አበላሸሽው። ኦሜፕራዞል ከቆመ 2 ሳምንት፣ እንደ አሞክሲሲሊን ያለ አንቲባዮቲክ ከቆመ 4 ሳምንት ሳይሞላ የለበትም ቢባል ዋጋ የለውም። ደግሞስ የአባትየውን ትራፊ ለልጅ መስጠት ምን የሚሉት ነው? የልጅ መድሃኒት በኪሎው ነው የሚታዘዘው፣ ጥቂት ቀን ተሰጥቶ ሲቋረጥ ደግሞ ባክቴሪያው ላይሞት፣ መድሃኒቱንም ሊለምደው ይችላል፣ ነገ የምር መታከም ሲኖርበት እንቢ ሊል ይችላል። በቃ፣ ከእንግዲህ እንዳትሰጪው።

እምብርት አካባቢ የሚያማቸው ልጆች አብዛኞቹ ህመማቸው ከዚህ ባክቴሪያ አይደለም። ጣና ውስጥ የሚዋኝ ከሆነ ቢልሃርዝያም ይታይለት፣ ጃርዲያም እንደዛው።

አሁን የምለውን ግን ደግመሽ አንብቢው። ሰገራው እንደ ሬንጅ ጥቁር፣ የሚያጣብቅና ክፉኛ የሚሸት ከሆነ ከላይ ከጨጓራ ወይም ከትንሹ አንጀት እየደማ ሊሆን ይችላል። የ8 ዓመት ልጅ ብቻውን ነው ሽንት ቤት የሚገባው፣ እናት አታይም፣ እሱም አይናገርም፣ ስለዚህ ውሃ ሳትለቅ ጥራኝ በይውና በዓይንሽ እዪው። የብረት ሽሮፕ እየወሰደ ከሆነ ሊጠቁር ይችላል፣ ግን እንደዛ አያጣብቅም፣ ጥርጣሬ ካለሽ ለሐኪም አሳዪ። ጎመን በልቶ ነው እያሉ ሁለት ሶስት ቀን የሚያሳድሩ አሉ፣ ልጁ ገርጥቶ ሲቆም እያዞረው ነው ይዘውት የሚመጡት፣ እውነት ያናድደኛል! ጥቁር ከሆነ ወይም ደም ካስመለሰው ፌጦም ዳማከሴም አትሞክሪ፣ ሌሊትም ቢሆን ባጃጅ ይዘሽ ፈለገ ህይወት ወይም ጥበበ ግዮን ድንገተኛ ክፍል ግቢ።

እንደዛ ካልሆነ ተረጋጊ። ግን ክብደቱ እየቀነሰ ወይም ህመሙ ከእንቅልፍ እየቀሰቀሰው ከሆነም አትቆዪ። 4 ሳምንቱ ለሰገራ ምርመራው ነው እንጂ ሐኪም ጋ ለመሄድ አይደለም፣ በዚህ ሳምንት ለህጻናት ሐኪም አሳዪው፣ ምርመራው ይደገም አይደገም እሱ ይወስን፣ የሰጠሽውን መድሃኒት ስምና ያቆምሽበትን ቀንም ሳትደብቂ ንገሪው።