ወንድ ልጅን ፖፖ ማስለመድ፦ ጥያቄና መልስ

በሕፃናት ክፍል በነርስነት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ሁለት ወንዶች ልጆችም አሳድጌያለሁ። ወንድ ልጅን ከዳይፐር ስለማላቀቅ የላካችሁልኝን ጥያቄዎች በተራ እመልሳለሁ። ሰገራ ስለሚይዘው ልጅ ግን ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ ብዙ ቤት በዝምታ የሚያስጨንቅ ነገር ነውና።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ልጄ ሁለት ዓመት ሞላው። የጎረቤቴ ሴት ልጅ በዚህ ዕድሜ ዳይፐር ትታለች፤ የእኔ ግን ፖፖውን ራሱ ላይ ደፍቶ ይሮጣል። ዘገየ?

መልስ፦ አልዘገየም እህቴ። አሜሪካዊው የሕፃናት ሐኪም ቤሪ ብራዝልተን እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተመው የ1,170 ሕፃናት ጥናት፣ ልጆቹ ቀን ቀን ሳያረጥቡ መዋል የቻሉት በአማካይ በ28 ወር ተኩል ነበር። ወንዶቹም ከሴቶቹ በሁለት ወር ተኩል ያህል ዘግይተዋል። ስለዚህ የጎረቤትሽን ልጅ ትተሽ የራስሽን ተመልከቺ። ዳይፐሩ ሁለት ሰዓት ያህል ደርቆ ይቆያል? ሱሪውን ዝቅ ማድረግ ይችላል? «ጫማህን አምጣ» ስትዪው ያመጣል? ሰገራ ሲመጣበት መጋረጃ ኋላ ይደበቃል? መደበቁን ስሰማ ደስ ይለኛል፤ ሊመጣ መሆኑን አስቀድሞ አውቋል ማለት ነው። ፖፖውን መድፋቱም አይክፋሽ፤ ዕቃውን እየተላመደው ነው።

ጥያቄ፦ ወንድ ስለሆነ ቆሞ ይጀምር ወይስ ተቀምጦ?

መልስ፦ ተቀምጦ ይጀምር ወንድሜ። በዚህ ዕድሜ ሽንትና ሰገራ ብዙ ጊዜ ተከታትለው ይመጣሉ፤ ቆሞ የለመደ ልጅ ለሰገራ መቀመጥን እንደ አዲስ መማር ይሆንበታል። ሲቀመጥ ብልቱን ወደ ታች ዘንበል እንዲያደርግ አሳየው፤ አለበለዚያ ሽንቱ ወደ ፊት ይረጫል። ከፊት ለፊቱ ከፍ ያለ መከለያ ያለውን ፖፖ እኔ አልወደውም። ልጁ ሲቀመጥና ሲነሣ ብልቱን ሊመታው ይችላል፤ አንዴ ያመመው ልጅ ደግሞ ተመልሶ መቀመጥ ይፈራል። ቆሞ መሽናቱን ቁመቱ ሲደርስ ከአንተ አይቶ ይማረዋል።

ጥያቄ፦ የሦስት ዓመት ልጄ ፖፖ ላይ ይሸናል፤ ሰገራ ሲመጣበት ግን «ዳይፐር አድርጉልኝ» ብሎ ያለቅሳል። ከከለከልነው ሦስትና አራት ቀን ይይዘዋል። ባለቤቴ «እልኸኛ ነው» ይላል።

መልስ፦ እልኸኛ አይደለም፤ ፈርቷል። እባክሽ ይህን ለባለቤትሽም አንብቢለት።

ብዙውን ጊዜ ነገሩ የሚጀምረው አንድ ቀን ደረቅ ሰገራ ሲያሳምመው ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣበት ሕመሙን ያስታውስና እግሩን አቆላልፎ፣ በጣቶቹ ጫፍ ቆሞ፣ ፊቱ ቀልቶ ይታገላል። ለሚያየው ሰው እያማጠ ይመስላል፤ እሱ ግን እንዳይወጣበት እየያዘ ነው። ትልቁ አንጀት ውኃ ስለሚመጥ የቆየው ሰገራ ይደርቃል፤ የደረቀው የባሰ ያማል፤ ያመመው ልጅም አጥብቆ ይይዛል። እንዲህ ሲደራረብ አንጀቱ ይለጠጥና መምጣቱ አይሰማውም። ቀጭን ፈሳሽ በደረቁ ሰገራ ዳር አልፎ ሱሪውን ሲያቆሽሽ ወላጅ ተቅማጥ ይመስለዋል። የሞላው አንጀት የሽንት ፊኛውን ስለሚጫነውም ሽንቱ ያመልጠው ይጀምራል።

ስለዚህ ዳይፐሩን ዛሬውኑ ስጪው። ዳይፐር ላይ መጸዳዳት ከመያዝ እጅግ ይሻላል። ከዚያ ሰገራው ይለስልስ፦ ውኃ፣ ፍራፍሬ፣ አትክልትና ጥራጥሬ ይብዛለት፤ ወተት የሚያበዛ ከሆነ ይቀነስለት። እንደ እሱ ሦስትና አራት ቀን የሚይዝ ልጅ ግን በምግብ ብቻ ላይሻለው ስለሚችል ለሐኪም አሳዩት። የሚያለሰልስ መድኃኒት ከታዘዘለት ገና እንደተሻለው አታቋርጡ፤ የተለጠጠ አንጀት ወደ መጠኑ የሚመለሰው በወራት ነው። ሳያመው መውጣት ከጀመረ በኋላ ዳይፐሩን እንዳደረገ መጸዳጃ ክፍል ውስጥ ይጸዳዳ፤ ሲለምደው ዳይፐሩን እንዳደረገ ፖፖው ላይ ይቀመጥ፤ ቀጥሎ ዳይፐሩን ላላ አድርጊለት፤ መጨረሻ ላይ ይወልቃል። እያንዳንዱ ደረጃ ሳምንት ቢወስድም አትቸኩዪ። አንጀት ከምግብ በኋላ ስለሚንቀሳቀስ ከቁርስና ከእራት በኋላ 5 ደቂቃ ያህል ይቀመጥ፤ እግሩም መሬት ወይም መርገጫ ይንካ፤ እግሩ የተንጠለጠለ ልጅ በደንብ መግፋት አይችልም። ሆዱ ከተነፋ፣ ካስመለሰው ወይም ሰገራው ላይ ደም ካየሽ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ሐኪም ቤት ውሰጂው።

ጥያቄ፦ የልጅ ልጄ አራት ዓመቱ ነው። ቀን ደህና ነው፤ ሌሊት ግን ፍራሹን ያረጥባል። ብቀጣው አይተውም?

መልስ፦ እማማ፣ እባክዎ አይቅጡት። ተኝቶ ስለሚሸና በእሱ ፈቃድ የሚሆን ነገር የለም። የሌሊቱን ሽንት የሚቀንሰው ሆርሞንና ፊኛው ሲሞላ የሚያነቃው ስሜት በየልጁ በተለያየ ጊዜ ይበስላሉ። በ5 ዓመታቸው እንኳ ከመቶ ልጆች 15 ያህሉ ያረጥባሉ፤ ከእነርሱም ወንዶች ይበዛሉ። በዘር ይወረሳል፤ አባቱን ወይም እናቱን ያሳደጉት እርስዎ ነዎትና ያስታውሱ ይሆናል። ፍራሹ ላይ ውኃ የማያሳልፍ ጨርቅ ያንጥፉ፤ ከመተኛቱ በፊት ይሽና። ነገር ግን ስድስት ወር ያህል ሳያረጥብ የቆየ ልጅ እንደ አዲስ ከጀመረ፣ በተለይም ውኃ እጅግ የሚጠማውና የሚከሳ ከሆነ፣ የስኳር በሽታ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይመርመር።

ጥያቄ፦ ታናሽ እህቱ ከተወለደች ወዲህ ሱሪው ላይ መሽናት ጀመረ።

መልስ፦ የተለመደ ነው። ሳትቆጡ ቀይሩለት፤ በቀን ጥቂት ደቂቃ ሕፃኗ በሌለችበት ለብቻው ስጡት። ሲሸና የሚያመው፣ የሚያተኩሰው ወይም ቶሎ ቶሎ የሚመጣበት ከሆነ ግን ሽንቱ ይመርመር።

ጥያቄ፦ ያልተገረዘ ነው። ሸለፈቱን ወደ ኋላ ስቤ ልጠበው?

መልስ፦ አትሳቢው። በዚህ ዕድሜ ብዙ ጊዜ ከሥሩ እንደተጣበቀ ነው፤ በዓመታት ውስጥ በራሱ ይላቀቃል። በኃይል ሲሳብ ይቆስላል፤ ጠባሳውም ያጠብበዋል። ከውጭ በኩል በውኃ ማጠብ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ከጀመርን ሦስተኛ ቀናችን ነው። ፖፖውን ገና ሲያይ ይጮሃል።

መልስ፦ ፖፖውን ከዓይኑ አርቁት፤ ለአንድ ወር ያህል ስሙንም አታንሡበት። ዳይፐሩንም ሳትቆጡ መልሱለት።