የጎንደር አያቶችህን ለመቁጠር ከሴት አያትህ ጀምር

ወንድሜ፣ የአባትህ ወላጆች ጎንደር ኖረው ማለፋቸውን፣ ከእነርሱ በላይ ግን የምታውቀው ሁለት ስም ብቻ መሆኑን ነግረኸን «ከየት ልጀምር?» ብለሃል። ከሴት አያትህ ጀምር። እኔም የእናቴን ወላጆች ታሪክ ያገኘሁት በዚያ በኩል ነው።

ወንዶቹን ከጠየቅህ አባት በአባት ሰባት ቤት ይቆጥሩልሃል፤ ቆጠራውም አንድ ደጃዝማች ደጅ ላይ ያርፋል። የፋሲል ዘር ያልሆነ ጎንደሬ ማግኘት እኔ ቸግሮኛል! ርስት ግን በአባትም በእናትም ይወረስ ስለነበር፣ በእናቱ በኩል ድርሻ የሚጠይቅ ሰው መሬቱን መጀመሪያ እስካቀናው አባት (አቅኚው) ድረስ ያሉትን ሴቶች ስም ሳያዛንፍ መጥራት ነበረበት። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን ይህ ሁሉ ቆጠራ ሥራ ፈታ፤ ከዚያ ወዲህ ዘር የምንቆጥረው ለጋብቻ ብቻ ሆነ። ስለዚህ በመሬት ተሟግቶ የሚያውቅ ሽማግሌ ካለ ከሁሉ በፊት እርሱን ያዝ።

ወንድ አያቴ ዳዊት ደጋሚ ነበሩ። ከዳዊታቸው ማኅደር ውስጥ በጃንሆይ ዘመን የተቆረጠ የግብር ደረሰኝ ወጣ፤ እጥፋቱ አልቆ ሊበጠስ ደርሷል፣ ማኅተሙ ግን ይታያል። የተጻፈው ስም የእርሳቸው አልነበረም፤ የአማታቸው ስም ነበር። ዕድሜያችንን ሙሉ «የአባባ መሬት» ሲባል የሰማነው ለካ የእማማ ርስት ኖሯል። እርሳቸው አረሱት እንጂ የመጡት በሚስታቸው አገር ላይ ነው።

ዘመን ስትጠይቅ ዓመተ ምሕረት አትጠይቅ። «ጣሊያን እጁን ሲሰጥ የበኩር ልጅዎ ምን ያህል ነበር?» በል። እማማ «ገና ክርስትና አላስነሣሁትም ነበር» ይሉ ነበር። ጣሊያን ጎንደር ላይ እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው፤ ወንድ ልጅ ደግሞ በአርባ ቀኑ ይጠመቃል። እንግዲህ አጎቴ የተወለዱት ከጥቅምት መጀመሪያ ሳምንት ወዲህ ነው። ከዚህ የተሻለ የልደት ምስክር ወረቀት ከየትም አላገኝም።

የጋብቻቸውን ዘመን ከቤተ ክርስቲያን ለማግኘት ግን ተጠንቀቅ። የእኔ አያቶች እንደ ብዙው ሰው በሰማንያ፣ ማለትም ያለ ቁርባን በሽማግሌ ፊት በውል፣ ተጋብተው ኖሩ፤ የቆረቡት ካረጁ በኋላ ነው። የቁርባኑን ዓመት የሠርግ ዓመት ካደረግኸው ልጆቹ ሁሉ ከሠርጉ በፊት ተወልደው ታገኛቸዋለህ። በጸሎት የሚጠሩትም በክርስትና ስማቸው ነውና የነፍስ አባታቸውን ወይም የማኅበር ጓደኞቻቸውን ሳትጠይቅ ስም አትፈልግ።

ከዚያ በላይ ያለው ይከብዳል። ከተማዪቱን ቴዎድሮስ በ1859፣ ድርቡሽ (የሱዳን መሐዲስቶች ጦር) ደግሞ በ1880 ዓ.ም. ሲያቃጥሏት አድባራቱም መጻሕፍቱም ተጎድተዋል። በተረፉት አንዳንድ ወንጌሎች ኅዳግ ላይ የቆየ የመሬት ሽያጭ ከሻጭ፣ ከገዢና ከምስክር ስም ጋር ተጽፎ ይገኛል፤ ሴቶችም አሉበት። ነገር ግን እስከዚያ የሚያደርስህን ሰንሰለት ሳትይዝ የደብር አለቃ ደጅ ብትጠና ድካም ብቻ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ቀድሞ ሌላ ባል ወይም ሌላ ሚስት እንደነበረ ጠይቅ። ፍቺ ያን ጊዜም ብርቅ አልነበረም፤ ቤተሰብ ግን አይነሣውም። ሰው በተሰበሰበበት አትጠይቅ፣ ቡናው ሦስተኛ ሲደርስ ጎረቤት ከሄደ በኋላ ይሻላል። እማማ ደንቢያ በሚባለው አገር ከመጀመሪያ ባላቸው የወለዷት ሴት ልጅ ነበረቻቸው፤ እኛ በልጅነታችን «የሩቅ ዘመድ» እየተባለ በዓል በመጣ ቁጥር እናያት ነበር። ከእማማ በላይ ያሉትን የሦስት እናቶች ስም ያስቆጠረችን እርሷ ናት።