ወላጆቹን በትራም ቪየና ለማሳየት ላሰበው ወንድማችን

ጥያቄህን አየሁት። የምትኖረው ፍራንክፈርት ነው። እናትና አባትህ ከአዲስ አበባ መጥተዋል፤ ሁለቱም 70 አልፈዋል። እናትህን ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ አባትህ ከዘራ ይይዛሉ። ሦስት ቀን አለህ። «ቪየናን ሳላደክማቸው ላሳያቸው እችላለሁ? ትራሙስ ለትልልቅ ሰዎች ይመቻል?» ነው ያልከው።

ይመቻል። እኔ የምኖረው እዚህ ነው። እናቴንም፣ አክስቶቼንም፣ የጓደኞቼን ወላጆችም አዙሬያለሁ። ያየሁትን ልንገርህ፤ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሰኝ።

መጀመሪያ ነገር፣ የሚታዩ ቦታዎችን ዝርዝር አታውጣ። መስመር ምረጥ። ወጣት ሲሆን ሰው አሥር ቦታ ይጽፍና በመሀል ለመዝለል ብቻ ትራም ይይዛል። ከአረጋውያን ጋር ነገሩን ገልብጠው። ጉብኝቱ ራሱ ትራሙ ይሁን። ተቀምጠው በመስኮት ያያሉ። ደስ ያላቸው ቦታ ትወርዳላችሁ። ካልፈለጉ ትቀጥላላችሁ፤ ማንም አልቀረበትም።

ቪየና ለዚህ የምትመቸው በአንድ መንገድ የተነሳ ነው፤ ሪንግሽትራሰ ይባላል። ድሮ አሮጌውን ከተማ የከበበ የምሽግ ግንብ ነበር። ንጉሠ ነገሥት ፍራንስ ዮሴፍ በ1857 እንዲፈርስ አዘዘ። በቦታው የተሠራው ሰፊ መንገድ በ1865 ተመረቀ። ርዝመቱ ከ5 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ብዙ ትልልቅ ሕንፃዎች ግራና ቀኝ እዚያው ላይ ተሠሩ። ትራሙ ደግሞ በመሀላቸው ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ቤተ መንግሥቱን፣ ፓርላማውን፣ ኦፔራውን ለማየት ከወንበር መነሳት አያስፈልግም።

የመጀመሪያውን ቀን እንዲህ አድርገው። ሽቬደንፕላትስ ከሚባለው አደባባይ 1 ቁጥርን ያዙ፣ በሾተንቶር በኩል የሚሄደውን። ቀኝህ ላይ ዩኒቨርሲቲው ይመጣል፤ ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያን የሚመስለው ባለ ማማው የከተማው አዳራሽ፣ ራትሃውስ። ከፊት ለፊቱ በግራ ቡርግቴያተር ቲያትር ቤቱ። ቀጥሎ በቀኝ ፓርላማው፣ ከዚያ መንታ የሚመስሉት ሁለት ሙዚየሞች። በግራ ሆፍቡርግ ቤተ መንግሥት። ከዚያም በ1869 የተከፈተው ኦፔራ። እዚህ ጋ 1 ቁጥር ከሪንጉ ወጥቶ ወደ ሌላ ሰፈር ስለሚታጠፍ ውረዱና 2 ቁጥርን ያዙ። እሱ በሽታትፓርክ በኩል አድርጎ ወደ ተነሳችሁበት ይመልሳችኋል። ትራም ለመቀየር ካልሆነ ሳትወርዱ ካያችሁት ሁሉም ነገር ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። አንድ ዙር ዝም ብላችሁ ዙሩ። ከዚያ «የቱ ጋ እንውረድ?» ብለህ ጠይቃቸው። እናቴ የመረጠችው ቦታ እኔ ፈጽሞ ያላሰብኩት ነበር፤ የጽጌረዳ አትክልቱን።

እሱ ፎልክስጋርተን ይባላል፣ ከቡርግቴያተር አጠገብ ነው። መግቢያ አይከፈልበትም፤ ሜዳ ነው፤ ወንበር እንደ ልብ ነው። ሰኔ ላይ ጽጌረዳው ያብባል። በየዛፉ ሥር ሰዎች ለእናታቸው፣ ለሞተ ባላቸው፣ ለሠርጋቸው መታሰቢያ ያሠሯት ትንሽ ጽሑፍ ተንጠልጥላ ታያለህ። አንድ በአንድ ተርጉምላቸው። ከሙዚየም የበለጠ ጊዜ ይወስድባችኋል፣ ግን ማንም አይደክምም።

አሁን ስለ ትራሙ። አዳዲሶቹ ዝቅ ያሉ ናቸው፤ የመግቢያው ከፍታ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ውስጡም ደረጃ የለውም። ፌርማታው ላይ ያለው ሰሌዳ የሚመጣውን መስመርና የቀረውን ደቂቃ ያሳያል፤ የዊልቸር ምልክት ካለበት ዝቅ ያለው ነው የሚመጣው። ከሌለበት ቀጣዩን ጠብቁ። ግን አንድ ነገር ልብ በል፤ አንዳንዱ ፌርማታ ከመንገዱ ከፍ ያለ መቆሚያ የለውም፣ ከአስፋልቱ ላይ ነው የምትወጡት። እዚያ ላይ ዝቅተኛውም ትራም ቢሆን ለታመመ ጉልበት ከፍ ይላል። ለእናትህ እጅህን ስጥ፣ ደህናው እግር ይቅደም በላቸው። ሲወርዱ ደግሞ የታመመው ይቅደም።

በሩ በራሱ አይከፈትም፣ ቁልፉን መጫን አለብህ። ሾፌሩ ሰው እስኪቀመጥ አይጠብቅም፤ ቶሎ ይነሳል፣ ሲነሳም ይንጣል። ስለዚህ ከበሩ አጠገብ ያሉትን የአረጋውያን ወንበሮች ነው የምትፈልገው፣ ምልክት አለባቸው። ሰው ከተቀመጠባቸው በትሕትና ጠይቅ። ሰዉ ይነሳል፣ ግን ብዙ ጊዜ ስልኩ ላይ ስለሆነ አያይም። አባትህ «ተው፣ አታስቸግር» ይሉሃል። ዝም በላቸውና ጠይቅ።

ወደ ዋናው ነገር የመጣነው እዚህ ላይ ነው። የእኛ ወላጆች «ደከመኝ» አይሉም። ልጄ ፈቃድ ወስዶ፣ ገንዘብ አውጥቶ አመጣኝ ብለው ይይዙታል። «ደህና ነኝ፣ እንሂድ» የሚል መልስ ብቻ ነው የምትሰማው፤ ማታ ላይ እግራቸው አብጦ ታገኘዋለህ። ሽንት ቤትም ቢሆን አይጠይቁም። ስለዚህ አትጠይቅ፣ አንተው ወስን። «ደክሟችኋል?» ሳይሆን «እኔ ቡና አማረኝ፣ እንቀመጥ» በል። እኔ እናቴን የማሳርፋት ሁሌ በራሴ አሳብቤ ነው። አክስቴ አንድ ቀን ነቅታብኝ «አንቺ ልጅ፣ ምን ያህል ቡና ነው የምትጠጪው?» ብላኛለች። ቢሆንም ተቀመጠች።

ዋጋ ደግሞ አታሳያቸው። የቡናውን ዋጋ ወደ ብር ቀይረው ያሰሉና ከዚያ በኋላ ምንም አያዙም። ሜኑውን አንተ ያዘው።

የቪየና ቡና ቤት ለትልልቅ ሰዎች የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። አንድ ስኒ አዝዘህ ብዙ ሰዓት ብትቀመጥ ማንም አያስነሳህም። ቡናው በትሪ ከብርጭቆ ውሃ ጋር ይመጣል። እናቴ ውሃውን ወደደችው፣ ቡናውን ግን «ይሄማ ወተት ነው» አለች። ሜላንዠ የሚባለው ወተት ይበዛበታል፤ ጠቆር ያለ ከፈለጉ ሞካ ጠይቅ። ለመስመራችሁ የሚመቹት ሁለት ናቸው። ካፌ ላንትማን ከቡርግቴያተር ጎን ነው፣ በ1873 የተከፈተ። ካፌ ሽቫርትሰንበርግ ደግሞ ሽቫርትሰንበርግፕላትስ ላይ ነው፣ እሱ ከ1861 ጀምሮ አለ። ሁለቱም ከፌርማታ ብዙ አያስኬዱም። በአሮጌ ቡና ቤቶች ሽንት ቤቱ ብዙ ጊዜ ምድር ቤት ነውና ከመቀመጣችሁ በፊት አስተናጋጁን ስለ ደረጃው ጠይቅ። ለሕዝብ ሽንት ቤት ሳንቲም ያዝ።

ሁለተኛው ቀን የ«ዴ» (D) ትራም መስመር ነው፤ እኔ በጣም የምወደው እሱን ነው። ጠዋት ቤልቬዴሬ ቤተ መንግሥት ሂዱ። ፌርማታው ከላይኛው ቤልቬዴሬ ጎን ነው። የጉስታቭ ክሊምት «መሳሳም» የተባለው ሥዕል እዚያ ነው፣ ሊፍት አለ። አባትህ ታሪክ የሚወዱ ከሆነ ከሥዕሉ ይልቅ ሌላውን ንገራቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኦስትሪያን አራት ኃያላን ተካፍለው ይዘዋት ነበር። ነፃነቷን የመለሰላት ውል የተፈረመው በግንቦት 1955 እዚሁ ሕንፃ ውስጥ ነው። የጓደኛዬ አባት ይህን ሲሰሙ ሥዕሉን ረስተው ስለ ጣሊያን ጊዜ ማውራት ጀመሩ፤ ያን ቀን ከዚያ በላይ ምንም አላየንም። ጥሩ ቀን ነበር።

ከላይኛው ወደ ታችኛው ቤልቬዴሬ አትክልቱ ቁልቁል ይወርዳል። የምትሄዱት ከላይ ወደ ታች ብቻ ይሁን፣ በተቃራኒው በፍጹም። ታች በር ስትወጡ 71 ቁጥር ትራም ይጠብቃችኋል፤ ወደ ሪንጉ ይመልሳችኋል። መንገዱ ጠጠር ነው። ለታመመ ጉልበት ቁልቁለትም ይከብዳልና እናትህ ካልቻሉ ከላይኛው በር ተመልሳችሁ ያንኑ «ዴ» ያዙ።

ከሰዓት በኋላ እሱኑ «ዴ» እስከ መጨረሻው፣ እስከ ኑስዶርፍ ተሳፈሩት። ከተማው ቀስ እያለ ያልቅና የወይን ተክል ያለበት ኮረብታ ይመጣል። ከመጨረሻው ፌርማታ አጠገብ ቤቶቨን ይመላለስበት ነበር የሚባል ጅረት ዳር መንገድ አለ። የፈለጋችሁትን ያህል ሄዳችሁ ተመለሱ። ትራሙ ከዚያ ስለሚነሳ ስትመለሱ ወንበር አታጡም።

ሦስተኛውን ቀን ባዶ ተወው። ዝናብ ይመጣል፣ ወይ ጉልበት ያማል፣ ወይ የአገር ሰው ምሳ ይጠራችኋል። ካልሆነ ሽተፋንስዶም ካቴድራል አለ። እናቴ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ባይሆንም ተሳልማ ነው የገባችው። ትራም በሩ ድረስ አይደርስም፤ ከሽቬደንፕላትስ ዩ1 ባቡርን ይዛችሁ ቀጣዩ ጣቢያ ላይ ውረዱ፣ ሊፍት አለው። ላይ መውጣት ከፈለጋችሁ የሰሜኑን ማማ ምረጡ፤ ሊፍት ያለው እሱ ነው። የደቡቡ 343 ደረጃ ነው፣ ለአንተም አልመክርህም።

ብዙ ሰው 71ን ይዞ ወደ ትልቁ መካነ መቃብር፣ ትሰንትራልፍሪድሆፍ ይሄዳል፤ ቤቶቨንና ሹበርት እዚያ ናቸው። ያምራል፣ ግቢው ውስጥ 106 የሚባል አውቶቡስም ይዞራል። እኔ ግን የእኛን ወላጆች ወስጄ አላውቅም። አንዷ አክስቴን ስጠይቃት «ለሽርሽር ጠርተሽኝ መቃብር ታሳዪኛለሽ?» አለችኝ፤ በቃ ተውኩት።

ማረፊያ። ከፍራንክፈርት ቀጥታ በባቡር ና፤ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ ከአውሮፕላን ሰልፍ ይሻላቸዋል። ባቡሩ ዋናው ባቡር ጣቢያ፣ ሃውፕትባንሆፍ ያወርዳችኋል፤ «ዴ» እዚያ ያልፋል። ሆቴሉን በጣቢያውና በቤልቬዴሬ መሀል ፈልግ፣ ያለ ዝውውር ሪንጉ ላይ ትደርሳላችሁ። ኪራይ ቤት ከያዝክ ግን ተጠንቀቅ። በአሮጌ የቪየና ሕንፃ «አንደኛ ፎቅ» ማለት ከመንገድ ስትቆጥር ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ሊሆን ይችላል፤ ሊፍቱም አንዳንዴ የሚጀምረው ከጥቂት ደረጃ በኋላ ነው። «ሊፍት አለ ወይ?» ብለህ አታቁም። «ከመንገዱ እስከ ሊፍቱ ስንት ደረጃ አለ?» በል።

ቲኬት ለቀናት የሚያገለግለውን አንዴ ግዛ፤ ትራምም፣ ባቡርም፣ አውቶቡስም ይሠራል። መግቢያ ላይ በር የለም፣ ግን የወረቀት ቲኬት ማኅተም ያስፈልገዋል። ማኅተም ሳታስመታ ተቆጣጣሪ ካገኘህ ቅጣቱ ከ100 ዩሮ በላይ ነው፣ ሽበት አይቶ አይምርም። የዕድሜ ቅናሹንም እግረ መንገድህን ጠይቅ። በበጋ ሐዲድ ሲጠገን መስመር ስለሚቀየር ጠዋት ጠዋት በስልክህ እይ።

ምግብ ላይ አንድ ነገር። «ቪነር ሽኒትዝል» ተብሎ ከተጻፈ የጥጃ ሥጋ ነው፤ ሕጉ ያስገድዳል። «ፎም ሽቫይን» የሚል ከተጨመረበት ግን አሳማ ነው፣ ርካሹ ብዙ ጊዜ እሱ ነው። የመንገድ ቋሊማም ባብዛኛው አሳማ ነው። ረቡዕና ዓርብ ከሆነ የፖም ስትሩድሉ ቅቤ ሊኖርበት ስለሚችል ጠይቅ።

ሪንጉ ላይ ከትራሙ ይልቅ የሚያስፈራኝ ብስክሌቱ ነው። መንገዱ ከእግረኛው ጎን ለጎን ነው፣ ቀለሙ ብዙም አይለይም፣ በጣም ይፈጥናሉ። ወላጆችህን ከሕንፃው በኩል አስኪዳቸው።

የመጨረሻው፣ ከመነሳታችሁ በፊት ተስማሙ። በሩ ተዘግቶ ከተለያያችሁ፣ ትራሙ ውስጥ የቀረው ሰው ቀጣዩ ፌርማታ ላይ ወርዶ እዚያው ይቁም፤ አንተ በሚቀጥለው ትራም ትደርሳለህ። የሆቴሉን አድራሻና ያንተን ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፈህ ለሁለቱም በኪሳቸው ክተት። ስልካቸው እዚህ መሥራቱንም ፍራንክፈርት ሳለህ ሞክረው።