ይቅርታ፣ አንዴ ወደዚህ ይበሉ

ባለፈው ሳምንት ስቱዲዮዬ ውስጥ ሥራ የምትለማመድ ልጅ «ጋሼ፣ ፓፓራዚ ምን ማለት ነው?» አለችኝ። ሌንስ እየወለወልኩ ነበር። የጣሊያን ቃል ነው፣ ታዋቂ ሰዎችን እያሳደዱ ፎቶ የሚያነሱ ናቸው፤ አንድ ሲሆን ፓፓራዞ፣ ሲበዙ ፓፓራዚ ይባላሉ አልኳት። «አገራችን ውስጥ ግን የሉም» ብዬ ጨመርኩ። እሷ ወደ ስልኳ ተመለሰች። እኔን ግን ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ቃሉ የወጣው ከፊልም ነው። ጣሊያናዊው የፊልም ዳይሬክተር ፌዴሪኮ ፌሊኒ እ.ኤ.አ. በ1960 ለእይታ ባበቃው «ላ ዶልቼ ቪታ» ላይ፣ ጋዜጠኛውን እየተከተለ ፎቶ የሚያነሳው ሰውዬ ስሙ ፓፓራዞ ነው። ያኔ ሮም፣ ቪያ ቬኔቶ ጎዳና ላይ እውነተኞቹ ነበሩ፤ ተዋንያንን ከየካፌው ደጃፍ የሚያድኑ። ስሙን በተመለከተ ከፊልሙ ጸሐፊዎች አንዱ ኤኒዮ ፍላያኖ፣ እንግሊዛዊው ጆርጅ ጊሲንግ ስለ ደቡብ ጣሊያን ከጻፈው የጉዞ መጽሐፍ የወሰድነው የአንድ ሆቴል ባለቤት ስም ነው ብሏል። ፌሊኒ ደግሞ ቃሉ ጥዝዝ እያለ የሚነድፍ ነፍሳት ያስታውሰኛል ይል ነበር። እኔ የፌሊኒን እወደዋለሁ።

ፊልሙን ያየሁት ዘግይቼ ነው። አንዲት ሴት ከአውቶቡስ ትወርዳለች። ባሏና ልጆቿ መሞታቸውን አልሰማችም። ፎቶ አንሺዎቹ ሲከቧት ከተዋናይት ጋር ያምታቷት መስሏት ፈገግ ትላለች። እዚያ ላይ ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት።

ምክንያቱም በ1989 ዓ.ም. ግንቦት ላይ እኔም ክሊኒክ በር ላይ ቆሜ ነበር። አንዲት የምንወዳት ዘፋኝ ታማለች ተባለ። የምሠራበት መጽሔት አዘጋጅ «ካመጣሃት ሽፋን ናት» አለኝ። ላዳ ታክሲ ውስጥ ሦስት ሰዓት ተቀመጥኩ። ባለታክሲው ሙዝ እየላጠ ያጎርሰኝ ነበር፤ ደግ ሰው ነበር፣ በኋላ አስመራ ሄደ መሰለኝ። ካሜራዬ ላይ የቀረኝ አራት ፍሬ ፊልም ብቻ ነው።

ወጣች። ወንድሟ ክንዷን ይዟታል። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባለች። ፊቷ የሷ አይደለም፣ አባብጧል። ሮጬ ፊቷ ቆምኩና ፍላሹን አበራሁት። አንገቷን ደፋች። ይሄኔ ምን አልኩ መሰላችሁ? «ይቅርታ፣ አንዴ ወደዚህ ይበሉ።» አንቱ እያልኩ! ቀና ብላ አየችኝ፤ አነሳኋት። ከዚያ ቀስ ብላ «ጨረስክ፣ ልጄ?» አለች። አልጨረስኩም ነበር። አንድ ፍሬ ቀርቶኛል። እሱንም ጨረስኩት።

በተከፈለኝ ብር ጫማ ገዛሁ። መጽሔቱ በአዟሪዎች እጅ ፒያሳን ሞላው። ነሐሴ 25 ቀን ልዕልት ዳያና ፓሪስ ውስጥ ስትሞት፣ ፎቶ አንሺዎች መኪናዋን ያሳድዱ ነበር ተባለ። ሾፌሩ መጠጣቱ በኋላ ተረጋገጠ፣ ያኔ ግን ካፌ ውስጥ ሁሉም ፎቶ አንሺዎቹን ይረግማል። እኔም በዚያው ጫማ እግሬን አጣምሬ አብሬ ረገምኩ።

ፈቃድ ጠይቁ ምናምን አልላችሁም፤ እሱን ታውቁታላችሁ። የምፈራው ሌላ ነው። የናንተ ስልክ ፊልም አያልቅበትም። እኔን ቢያንስ አራት ፍሬ ያቆመኝ ነበር። ዛሬ ለቅሶ ቤት ሄዳችሁ ሬሳ ሲወጣ «ላይቭ» ትገባላችሁ። መኪና ሲጋጭ የተጎዳውን ሰው ከማንሳት በፊት በስልክ መቅረጹ ይቀድማል። ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ ያቺ ተለማማጅ ልጅ ባለፈው የአንድ ተዋናይ የሆስፒታል ፎቶ ሲመጣላት ሳትከፍተው አጠፋችው። እኔ ብሆን አየው ነበር። እና በደፈናው ወጣቱን መውቀሴን ተዉት።

ከዓመታት በኋላ አንድ ሠርግ ላይ ለማንሳት ተቀጥሬ ስገባ ዘፋኟን አየኋት። ድናለች፣ ወፈር ብላለች። አላወቀችኝም። ሙሽራዋን አቅፋ ወደኔ ዞረችና «አሳምረህ አንሳን እንግዲህ» አለች። አምስት ጊዜ ተኮስኩ። ሳሳጥባቸው አምስቱም ተንቀሳቅሰዋል።