ጥርስ በሽቦ ሲስተካከል የሚገባው ሚኒ ስክሩ፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ24 ዓመት ወጣት ነኝ። የላይኛው የፊት ጥርሶቼ ወደ ፊት የወጡ በመሆናቸው የጥርስ ሽቦ ካሳሰርኩ ወራት አልፈዋል፤ ቦታ እንዲገኝም ከክራንቻዎቼ ቀጥሎ ያሉት ሁለት ጥርሶች ተነቅለዋል። አሁን ደግሞ ሐኪሜ ግራና ቀኝ ድዴን አልፎ አጥንቴ ላይ የሚታሰር ትንሽ ብሎን እንደሚያስፈልገኝ ነግሮኛል። አጥንቴ ሊበሳ ነው ብዬ ስለፈራሁ ቀጠሮውን አራዝሜያለሁ። ሕመሙ እንዴት ነው? ብሎኑስ በዚያው ሊቀር ነው? ለመሆኑ የግድ ያስፈልጋል?
ስሜ ይቆይልኝ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር፤ ሰው ለምን እንደሚደረግለት ያልገባውን ሕክምና ተረጋግቶ ሊቀበል አይችልምና። የወጡትን የፊት ጥርሶች ወደ ኋላ ለመሳብ የሚጎትተው ኃይል አንድ ቦታ መታሰር አለበት። የታሰረው ከኋላ ባሉት የመንጋጋ ጥርሶች ላይ ብቻ ከሆነ ነገሩ ገመድ ጉተታ ይሆናል፤ የፊቶቹ ወደ ኋላ ሲመጡ የኋላዎቹም ወደ ፊት ይንፏቀቃሉ። በዚህ መንገድ ሁለት ጤናማ ጥርሶች ተነቅለው የተገኘው ቦታ፣ የፊት ጥርሶች የሚፈለገውን ያህል ሳይገቡ በከንቱ ሊዘጋ ይችላል። ሚኒ ስክሩ፣ ማለትም ሐኪምዎ የነገሩዎት ትንሽ ብሎን፣ ግን የሚቆመው አጥንት ላይ ስለሆነ፣ የመንጋጋ ጥርሶች ባሉበት ረግተው የፊቶቹ ብቻ እንዲጓዙ ያደርጋል። ቀደም ሲል ለዚሁ ዓላማ ከማጅራት ላይ የሚታሰር መሣሪያ ለብዙ ሰዓታት ማድረግ የግድ ነበር። ጃፓናዊው ሐኪም ሪዩዞ ካኖሚ በ1997 እ.ኤ.አ. ለጥርስ ማስተካከያ መያዣ የሚሆነውን ትንሽ ብሎን በጽሑፍ ካቀረቡ ወዲህ ግን ዘዴው በብዙ አገሮች የተለመደ ሆኗል። የእርስዎ ሐኪም ይህን ያሰቡት ቦታው እንዳይባክን ይመስለኛል፤ እንደ እርስዎ ጥርስ አስነቅሎ ለሚጠባበቅ ሰው ቀጠሮ ማራዘሙን አልመክርም።

ስለ መጠኑ ብዙዎች ከሚያስቡት በጣም ያነሰ መሆኑን ይወቁ። ውፍረቱ በአብዛኛው ከ1.2 እስከ 2 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱም ከ6 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሚሠራውም በብዛት ከታይታኒየም ቅይጥ ነው። ለጎደለ ጥርስ ምትክ ከሚተከለው ኢምፕላንት ጋር አያምታቱት። ያኛው ከአጥንት ጋር ተዋህዶ ለዘለቄታው እንዲኖር የሚተከል ሲሆን፣ ሚኒ ስክሩ በጠመዝማዛ የብሎን ጥርሱ አጥንቱን ነክሶ የሚቆይና ሥራው ሲያበቃ በገባበት መንገድ ተፈትቶ የሚወጣ ነው። ስለዚህ በዚያው አይቀርም፤ የሚቆየው እንደ ሥራው ለጥቂት ወራት ወይም ከዓመት ትንሽ ለበለጠ ጊዜ ነው።

ዕለቱ ይህን ይመስላል። አስቀድሞ ራጅ ይታያል፤ ብሎኑ የሚገባው በሁለት ጥርሶች ሥር መካከል ከሆነ በቂ ክፍተት መኖሩ መረጋገጥ አለበትና። አፍዎን ጀርም በሚገድለው ክሎርሄክሲዲን በተባለ ፈሳሽ እንዲጉመጠመጡ ይደረጋል፤ ከዚያም ብሎኑ የሚገባበት ድድ ላይ ጥቂት ማደንዘዣ ይወጋሉ። የማደንዘዣው ማነስ ሐኪሙ ስለ ሳሳ አይደለም። ሕመም በይበልጥ የሚሰማው ድዱና አጥንቱን የሸፈነው ስስ ሽፋን ስለሆነ እነርሱን ማደንዘዝ ይበቃል፤ የጥርሱ ሥር ግን ስሜቱን እንዲይዝ ይፈለጋል። ብሎኑ ወደ ሥሩ ከተጠጋ ጥርስዎ ላይ ስለታም ሕመም ይሰማዎታል፤ በዚያች ቅጽበት እጅዎን ቢያነሱ ሐኪሙ አቁሞ አቅጣጫውን ያስተካክላል። እባክዎን በዚህ ጊዜ ጨዋነት ይዞዎት ዝም አይበሉ። ሐኪምን ላለማስቸገር ሲሉ ሕመምን ውጦ መቀመጥ በእኛ ዘንድ የተለመደ ነው፤ እዚህ ላይ ግን የሚረዳዎት መናገርዎ ነው። ብሎኑ ሥሩን ቢነካ እንኳ ወዲያው ከወጣ ሥሩ አብዛኛውን ጊዜ ራሱን ይጠግናል።

ከዚያ ውጭ የሚሰማዎት ሕመም ሳይሆን ግፊት ነው። ሐኪሙ በትንሽ ካቻቢቴ ብሎኑን በዝግታ እያዞረ ያስገባል፤ አንዱን ለማስገባት የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው። አጥንቱ ጠንካራ የሆነ ሰው ዘንድ አስቀድሞ ቀጭን ቀዳዳ ሊበሳ ይችላል፤ በብዙዎች ላይ ግን ብሎኑ ራሱ መንገዱን ይከፍታል። በዚያው ዕለት ሞላ ወይም ላስቲክ ታስሮበት መሳብ ሊጀምርም ይችላል።

ማደንዘዣው ሲለቅ ድድዎ ቁስለት ይሰማዋል፤ ከሁሉም የሚከፋው የመጀመሪያው ቀን ሲሆን በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ይቀላል። ጥርስ ማስነቀልን ያለፉ ሰው ስለሆኑ፣ ይህኛው ከዚያ የቀለለ ሆኖ እንደሚያገኙት እገምታለሁ። ከሌላ በሽታና መድኃኒት ጋር የማይጋጭ ከሆነ ፓራሲታሞል ይበቃዎታል። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ከየመድኃኒት ቤቱ እየገዙ ለሳምንታት መዋጥ ግን ጥሩ አይደለም፤ ጨጓራን ከመጉዳታቸውም በላይ ጥርስ በአጥንት ውስጥ እንዲጓዝ የሚያግዘውን ንጥረ ነገር የሚቀንሱ መድኃኒቶች ናቸው። የብሎኑ ራስ ጉንጭዎን ከፋቀዎት ሐኪሙ የሚሰጥዎትን ሰም ድቡልቡል አድርገው ይለጥፉበት።

እኔን ከሕመሙ ይልቅ የሚያሳስበኝ ከሕመሙ በኋላ የሚመጣው መዘናጋት ነው። ከመቶ ከ10 እስከ 15 የሚሆኑት ብሎኖች ሥራቸውን ሳይጨርሱ ይላላሉ፤ አንዱ ዋነኛ ምክንያት ዙሪያው ያለው ድድ መቆጣቱ ነው። ስለዚህ ጠዋትና ማታ በለስላሳ ትንሽ ብሩሽ የብሎኑን ራስና ድዱ የሚገናኙበትን ዙሪያ ቀስ አድርገው ያጽዱ፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ብሩሽ ካለዎት ንዝረቱ ብሎኑ ላይ እንዳያርፍ ያርቁት። በመፋቂያ የሚጠቀሙ ከሆነ ለሌሎቹ ጥርሶች ያድርጉት፤ ጠንካራው ጫፍ ግን ብሎኑን እንዳይገፋ ይጠንቀቁ። ቆሎውን ለጊዜው ይተዉት። በምላስ መነካካትም ሳይታወቅ የሚያድር ልማድ ነውና ገና ሲጀምር ይግቱት። ሲጋራ የድዱን መዳን ያዘገያል፤ ጫትም ከጉንጭ ሥር ተወትፎ ሲቆይ በትክክል ብሎኑ ያለበትን ቦታ ስለሚያስቆጣ፣ ሕክምናው እስኪያልቅ ሁለቱንም ቢተዉ እመርጣለሁ።

ሲወጣ ደግሞ አብዛኛው ሰው ማደንዘዣ እንኳ አያስፈልገውም፤ ተፈትቶ ይወጣል፣ ድዱም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይገጥማል።

ጥያቄ፦ ልጄ አሥር ዓመቷ ነው። የጥርሷን ሕክምና ለማፋጠን ይኸው ብሎን አሁኑኑ ሊገባላት ይችላል?
እናት፣ ከአዳማ

መልስ፦ እመቤቴ፣ ይቆዩ። በዚህ ዕድሜ የመንጋጋ አጥንት ገና ስላልጠነከረ ብሎኑ በቀላሉ ይላላል፤ ከአጥንቱ ውስጥ ገና ያልወጡ ቋሚ ጥርሶች ስላሉም ሊነኩ ይችላሉ። አብዛኛውን ጊዜ ከ12 ዓመት በፊት አይመከርም። ለዕድሜዋ የሚስማማ ሌላ ሕክምና ሊኖር ስለሚችል ሐኪሟን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ የምሠራው ዱባይ ነው። ሚኒ ስክሩ ከገባልኝ ሁለት ሳምንት ሆኖታል፤ አንደኛው በጣቴ ስነካው ይነቃነቃል። በቅርቡ ጠቅልዬ ወደ አገር ቤት ልመለስ ስለሆነ ግራ ገብቶኛል።
ወንድማችሁ፣ ከዱባይ

መልስ፦ ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ጣትዎን ከብሎኑ ያንሱ፤ ለማጥበቅ ብለውም አያዙሩት። እስከሚቀጥለው ቀጠሮ አያቆዩት፣ ዛሬውኑ ይደውሉ። በጣም ጥቂት የሚነቃነቅ ከሆነ ሐኪሙ የሚስበውን ኃይል ቀንሶ ሊከታተለው ይችላል፤ በግልጽ የሚወዛወዝ ከሆነ ግን ወጥቶ ሌላ ቦታ ይተካል። ይህ የሕክምናው መበላሸት አይደለም፤ ጥርስዎም አይጎዳም። እስከዚያ ወልቆ ቢውጡት አብዛኛውን ጊዜ ያለ ችግር ከሆድ ይወጣል፤ ከወለቀ በኋላ ሳል ወይም ትንፋሽ ማጠር ከመጣ ግን ወደ መተንፈሻ ቱቦ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገዩ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ወደ አገር ቤት ከመመለስዎ በፊት የራጅዎን ቅጂ፣ የብሎኑን አምራች ስም፣ ውፍረቱንና ርዝመቱን በጽሑፍ ይቀበሉ። የብሎኑ ራስ ቅርጽ ከአምራች አምራች ስለሚለያይ የአንዱ ካቻቢቴ ለሌላው ላይገጥም ይችላል፤ እዚህ የሚረከብዎት ሐኪም ወረቀቱን ካየ የሚስማማውን መሣሪያ ከቀጠሮዎ ቀደም ብሎ ማዘጋጀት ይችላል።