ጫካው በመስኮት ይታያል፤ በውሉ ላይስ?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ ባለቤቴ መምህርት ናት። ላለፉት 8 ዓመታት በገርጂ በኪራይ ኖረናል። ያጠራቀምነውን ገንዘብ ቅድመ ክፍያ አድርገን ከሽሮሜዳ በላይ፣ በእንጦጦ ፓርክ ግርጌ ሊሠራ ከታቀደ ሕንፃ ባለሁለት መኝታ አፓርትመንት ለመግዛት እየተነጋገርን ነው። የሽያጭ ሠራተኛው «ፊት ለፊታችሁ ፓርክ ስለሆነ ለዘለዓለም ምንም አይሠራበትም፤ የካሬው ዋጋ ከፍ ያለውም ለዚህ ነው» ይለናል። ባለቤቴ አየሩንና ዛፉን ወድዳዋለች፤ የእኔ ልብ ግን አልረጋልኝም። ለእይታ ተብሎ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል ተገቢ ነው? ከመፈረማችን በፊትስ ምን እንመልከት? (ከገርጂ)

መልስ፦ ሻጩ ከተናገራቸው ቃላት ሁሉ መመርመር ያለበት «ለዘለዓለም» የሚለው ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ በከተማ መሬት ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ደግሞ ለመኖሪያ ቤት የሚሰጠው የሊዝ ዘመን 99 ዓመት ነው። ሕንፃው የሚቆምበት መሬት እንኳ የዘመን ገደብ ካለው፣ ሻጩ የእርሱ ባልሆነው የጎረቤት መሬት ላይ ዘለዓለምን ሊሸጥልዎ አይችልም። አንድ ቦታ አረንጓዴ ሆኖ እንዲቆይ የሚያደርገው የከተማው ፕላን ነው፤ ፕላን ደግሞ በየዘመኑ ይከለሳል።

ይህን ስንል እንጦጦ ነገ ሕንፃ ይሆናል ብለን ለማስፈራራት አይደለም። ብዙ የሕዝብ ገንዘብ ፈስሶበት በ2013 ለጎብኚ የተከፈተ መናፈሻ በቀላሉ ይታረሳል ብለን አንገምትም። ተራራው ግን ከዚህ በፊትም ገጹን የለወጠ መሆኑን ማስታወስ ይገባል፤ ዛሬ የምናየው የባሕር ዛፍ ጫካ ከአፄ ምኒልክ ዘመን ወዲህ የተተከለ ነው፤ ከዚያ በፊት የማገዶ እጥረት ከመጥናቱ የተነሣ ንጉሠ ነገሥቱ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ያም ሆኖ የእርስዎ እውነተኛ ሥጋት ጫካው አይደለም፤ በጫካውና በመስኮትዎ መካከል ያለችው ቁራሽ መሬት ናት። ዛሬ በዚያች መሬት ላይ አንድ አሮጌ የጭቃ ቤትና ጥቂት የጌሾ እግር ይኖር ይሆናል። የአካባቢው ፕላን ግን በዚያ ቦታ ስንት ፎቅ ይፈቅዳል? እርስዎ የሚገዙት ሕንፃ ስምንት ፎቅ ከተፈቀደለት፣ ለጎረቤቱም ስምንት የማይፈቀድበት ምክንያት የለም፤ ያን ጊዜ ከመኝታ ቤትዎ የሚታየው የሰው ወጥ ቤት ይሆናል። ስለዚህ ወደ ክፍለ ከተማው የፕላን ባለሙያዎች ሄደው የእርስዎን ብቻ ሳይሆን በሰሜን በኩል የሚያዋስነውን ቦታ የመሬት አጠቃቀምና የሕንፃ ከፍታ ይጠይቁ። ይህን ሳይጠይቁ ለእይታ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል ነፋስ እንደ መግዛት ነው።

እይታው ራሱ ሻጮች የማያነሡት ጉድለት አለበት። እንጦጦ ከከተማው በስተሰሜን ነው፤ ስለዚህ ፓርኩን የሚያይ መስኮት ፊቱን ወደ ሰሜን ያዞረ ነው ማለት ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ የቀትር ፀሐይ በደቡብ በኩል ታልፋለች። በሌላ አነጋገር በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት ወቅት፣ ፓርኩን የሚመለከቱት ክፍሎች ቀጥተኛ ፀሐይ አያገኙም፤ ፀሐይ ወደ ሰሜን የምትዞረው ደግሞ ሰማዩ በደመና በሚሸፈንበት በክረምት ነው። ከፍታውም ይጨመርበት፤ የተራራው ጫፍ 3200 ሜትር ያህል ሲሆን፣ ግርጌው ቢሆን ከቦሌ ሜዳ በጥቂት መቶ ሜትሮች ይበልጣል፤ በየ1000 ሜትሩ ሙቀት በ6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ ከገርጂ ሲመጡ ልዩነቱ በብርድ ልብስ ቁጥር ይታወቅዎታል። በእኛ አስተያየት ሳሎኑ ወደ ደቡብ፣ ወደ ከተማው የሚያይ ቤት ዋጋው ዝቅ ቢልም ለመኖር የተሻለ ነው። ጫካውን ማየት ሲያምራችሁ በእግር ሽቅብ መውጣት ትችላላችሁ።

ከሁሉ በላይ ግን ልንቆይበት የምንፈልገው የውኃው ጉዳይ ነው። የሽያጭ ፎቶግራፎች ሁልጊዜ የሚነሡት አደይ አበባ ባበበበት ወቅት ነው፤ እርስዎ ግን ቦታውን በሐምሌ ወይም በነሐሴ፣ ከባድ ዝናብ ባቆመ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሄደው ይዩት። የባሕር ዛፍ ጫካ ከሥሩ ሣርና ቁጥቋጦ እንደ ልብ ስለማያበቅል የዝናቡን ውኃ አይዝም፤ ውኃው በቁልቁለቱ ተንደርድሮ ወደ ቀጨኔ፣ ወደ ቀበናና ወደ ሌሎች ጅረቶች ይወርዳል፤ በመንገዱ ላይ ያገኘውን ደግሞ ይዞ ይሄዳል። ከሚቆፈረው መሠረት በላይ ያለው ቦይ የት ይደርሳል? የድጋፍ ግንቡ የውኃ ማስተንፈሻ ቀዳዳ አለው? ግንቡንስ ማን ነው የሚሠራው፣ ከሕንፃው በፊት ነው ወይስ በኋላ? መኪና ማቆሚያው ከመሬት በታች ከሆነ ውኃውን የሚያወጣው ፓምፕ መብራት ሲጠፋ በምን ይሠራል? እነዚህን ጥያቄዎች ለሽያጭ ሠራተኛው ሳይሆን ለግንባታው መሐንዲስ ያቅርቡ፤ መሐንዲሱን ካላገናኟችሁ ያ ራሱ መልስ ነው። የመጠጥ ውኃው በተቃራኒው ሽቅብ መገፋት ስላለበት፣ ከሰፈሩ ነዋሪዎች ፈረቃው በሳምንት ስንት ቀን እንደሆነ ይጠይቁ፤ በየግቢው የተደረደረው ሮቶ ብዛት ከማንም ምስክርነት ይልቅ እውነቱን ይነግርዎታል።

ስለ ውሉ ደግሞ ይህን ያህል እንበል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውል በጽሑፍና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መደረግ እንዳለበት ይደነግጋል፤ በሻጩ ቢሮ ብቻ ተፈርሞ ማኅተም የተመታበት ወረቀት ላይ አይተማመኑ። ካርታውን፣ የግንባታ ፈቃዱንና የተፈቀደውን የፎቅ ብዛት ዋናውን እያዩ ያመሳክሩ፤ ካርታው በባንክ ዕዳ መያዝ አለመያዙንም ያጣሩ። ክፍያው በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን በግንባታው ደረጃ የተከፋፈለ ይሁን። የዋጋ ማስተካከያ የሚል አንቀጽ ካለ ጣሪያው እንዲጻፍ ይጠይቁ። ሥራ ተቋራጭ ለሠራው ሥራ ጥራትና ጥንካሬ ለ10 ዓመት ኃላፊ እንደሆነ በዚያው ሕግ በቁጥር 3039 ሠፍሯል፤ ስለዚህ ዋስትናውን ወደ አንድ ዓመት የሚያወርድ ሐረግ ካገኙ ሳይፈርሙ ለጠበቃ ያሳዩ። ለእይታው ተጨማሪ እከፍላለሁ ካሉ ደግሞ አንድ ነገር ይሞክሩ፤ ሻጩ «ከፊት ያለው ቦታ ቢገነባበት ይህን ያህል ገንዘብ እመልሳለሁ» ብሎ በውሉ እንዲጽፍ ይጠይቁት። ፊቱ ሲለወጥ የእይታውን ትክክለኛ ዋጋ ያውቁታል።

ጥያቄ፦ በአሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ ነኝ፤ ዜግነቴን ለውጫለሁ፤ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ግን አለኝ። በጉለሌ በኩል፣ ከእጽዋት ማዕከሉ አቅራቢያ በዶላር ተተምኖ የሚሸጥ ቤት በወንድሜ ስም ልግዛ ወይስ በራሴ? (እህታችሁ)

መልስ፦ እህታችን፣ በራስዎ ስም ይግዙ። የትውልደ ኢትዮጵያውያንን መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 270/1994 የውጭ ዜጎች የማይንቀሳቀስ ንብረት እንዳይኖራቸው በፍትሐ ብሔር ሕጉ የተጣለው ክልከላ ቢጫ ካርድ ባላቸው ላይ እንዳይሠራ አድርጓል። በወንድም ስም የተገዛ ቤት በሕግ ዓይን የወንድም ቤት ነው፤ ወንድምዎ ጨዋ ሰው ቢሆንም እንኳ ነገ ትዳር፣ ልጆችና ወራሾች ይኖሩታል። ለወንድምዎ የሚያስፈልገው ስም ሳይሆን ውክልና ነው። ውክልናው በኤምባሲው በኩል ተረጋግጦ አዲስ አበባ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ በኩል ያልፋል፤ «ለመግዛት» ብቻ የሚል ይሁን፤ «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ በመያዣ ለመስጠት» የሚሉት ቃላት ከተለመደው ቅጽ ላይ ሳይታወቅ እንዳይገቡ ያንብቡት።

ስለ ዶላሩ፦ ከሐምሌ 2016 ወዲህ የብር ምንዛሬ በገበያ ስለሚወሰን፣ በዶላር የተተመነ ዋጋ በየትኛው ቀንና በየትኛው ባንክ ምንዛሬ እንደሚሰላ በውሉ ካልተገለጸ ቀሪው ክፍያ በየጊዜው ክርክር ያስነሣል። የእጽዋት ማዕከሉን በተመለከተ፣ 705 ሄክታር የሆነው ይህ ቦታ ለምርምርና ለአገር በቀል ዕፀዋት ጥበቃ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በከተማ አስተዳደሩ የተቋቋመ በመሆኑ፣ ለጎረቤትነት ከመዝናኛ ቦታ ይልቅ ጸጥታ አለው። ይህ ግን ለገርጂው ጠያቂያችን ከነገርነው ምርመራ አያድንዎትም፤ ሐምሌ ላይ የሚሄድልዎ ሰው ያግኙ።

ጥያቄ፦ ልጆቼ፣ የምኖረው ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ ላይ ነው። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ቤቱ በእኔ ስም ነው፤ ከሊዝ በፊት የተያዘ ነባር ይዞታ ነው፤ ካርታ አለኝ። በወጣትነቴ ከዚያው ጫካ እንጨት ለቅሜ በጀርባዬ እያወረድኩ ነው ልጆቼን ያሳደግሁት። አሁን ጎረቤቶቼ እየሸጡ ሄዱ፣ በየቀኑ ደላላ በሬን ያንኳኳል፤ «ካልሸጡ መንግሥት ይወስደዋል» ይሉኛል። ልሽጥ ወይስ ልቆይ?

መልስ፦ እናታችን፣ በመጀመሪያ ደላላው ያለው ነገር ማስፈራሪያ እንጂ ምክር አይደለም። መንግሥት ቦታን ለሕዝብ ጥቅም ሲወስድ የሚከተለው ሥርዓት በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ተጽፏል፤ ማስታወቂያ፣ የንብረት ካሳ፣ የልማት ተነሺ ድጋፍና የአቤቱታ መንገድ አለው፤ ባለይዞታው አቅም ካለው ቦታውን ራሱ ለማልማት ቅድሚያ የሚያገኝበት አንቀጽም አለ። ካርታ ያለዎት መሆኑ ትልቅ ነገር ነው፤ ዋናውን ለማንም አይስጡ፤ ደላላ «ኮፒ ላንሣበት» ቢል ራስዎ አብረው ይሂዱ።

ለመሸጥ ከወሰኑ ግን አንድ ነገር ይወቁ። ነባር ይዞታ ከውርስ ውጪ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ፣ በሊዝ አዋጁ መሠረት አዲሱ ባለይዞታ ወደ ሊዝ ሥርዓት ይገባል። ለልጆችዎ ቢያወርሱት ግን ይህ አይደርስባቸውም። ገዢው የሊዝ ክፍያውን እንደ ወጪ ያሰላል፤ ስለዚህ የሚሰጥዎት ዋጋ ከጎረቤት ሕንፃ የካሬ ዋጋ ጋር ሊወዳደር አይችልም፤ ያም ሆኖ ደላላው በመጀመሪያ የሚጠራው ዋጋ ከትክክለኛው በታች እንደሚሆን አይጠራጠሩ። ልጆችዎን ሰብስበው፣ ደላላ በሌለበት፣ ቢያንስ ከሁለት ገዢዎች በጽሑፍ ዋጋ ይቀበሉ። በቤትዎ ቦታ ላይ ሕንፃ ሠርቶ በምትኩ አፓርትመንት እሰጥዎታለሁ የሚል ሰው ከመጣ፣ ግንባታው እስኪያልቅ የት እንደሚኖሩ፣ ኪራዩን ማን እንደሚከፍልና ሥራው ቢቆም ካርታው በማን ስም እንደሚሆን በውሉ ሳይጻፍ አንድም ቀን ቢሆን ከቤትዎ አይውጡ።