ጥያቄና መልስ፦ የእንስሳት መጠለያ ሠራተኛን ጠይቁ

መጠለያ ውስጥ 9 ዓመት ሠርቻለሁ፤ ውሻም ድመትም ተንከባክቤያለሁ። ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ እንስሳት በጣም እወዳለሁ። ሥራው ይሆነኛል?
መልስ፦ መውደድሽ ጥሩ ነው። ግን የቀኑ አብዛኛው ጽዳት ነው። ባልዲና መወልወያ ከሰለቸሽ ይከብድሻል።

ጥያቄ፦ ጽዳት ምን የተለየ ነገር አለው?
መልስ፦ እንኳን ጠየቅህ! ዋናው ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ ቡችሎች፣ ቀጥሎ ጤነኛ ትልልቆች፣ መጨረሻ የታመሙት። ከተገላበጠ በሽታውን በገዛ ጫማህ ለቡችሎቹ ታደርሳለህ። በተለይ ፓርቮን፣ ቡችሎችን የሚገድለውን የአንጀት ቫይረስ። ቫይረሱ ከሰገራ ጋር ወጥቶ ለወራት ይቆያል። ብዙዎቹ የተለመዱ ማጽጃዎች አይገድሉትም። በረኪና ይገድለዋል፤ ግን ቆሻሻው ቀድሞ በሳሙና መነሳት አለበት። 1 እጅ በረኪና ለ32 እጅ ውኃ፣ ከዚያ 10 ደቂቃ ይቆይ። ቸኩለው ወዲያው የሚያለቀልቁ አሉ። ማታ ስትቦርቅ የነበረች ቡችላ ጠዋት ምግቧ እንደተሞላ፣ ጥግ ላይ ተኮራምታ ስታገኛት የ10 ደቂቃ ዋጋ ይገባሃል። ጫማ ቀይሩ፣ እጅ ታጠቡ።

ጥያቄ፦ ደመወዙስ?
መልስ፦ እንደየመጠለያው ነው።

ጥያቄ፦ ውሻ ቢነክሰኝስ?
መልስ፦ ወዲያው ቁስሉን በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ እጠብ። ከዚያ ሐኪም ቤት፣ በዚያው ቀን። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ቀድመህ ብትከተብም መሄድህ አይቀርም።

አንድ አባል፦ መጠለያ ከሞላ በሩን ይዝጋ።
ሌላ አባል፦ በካርቶን በር ላይ የተጣሉትን ማን ያንሳ?
አንድ አባል፦ አጨናንቆ ማሳመሙስ ይሻላል?
ሌላ አባል፦ አንተ ራስህ ስንት አስጠግተሃል?
መልስ፦ ኧረ ተዉ! ሁለታችሁም እውነት አላችሁ። በር ላይ ቆሞ «ቦታ የለንም» የሚለው ግን ሠራተኛው ነው። ያን ሌሊት እንቅልፍ አይወስደውም። ወደ ጥያቄው እንመለስ።

ጥያቄ፦ ውሻዬ ችግር አለበት፣ ምን ላድርግ?
መልስ፦ ምን ዓይነት ችግር? ዕድሜው ስንት ነው? ይበላል? እንዲህ ተጠይቆ አይመለስም።

ጥያቄ፦ ጽዳቱ ከየት ነው የሚጀመረው?
መልስ፦ ከላይ ጽፌዋለሁ፣ አንብቡ እንጂ! ከቡችሎች። ጫማ ቀይሩ፣ እጅ ታጠቡ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ፈርታ ጥግ የያዘችን ውሻ እንዴት ይቀርቧታል?
መልስ፦ አልቀርባትም። ጎኔን ሰጥቼ መሬት ላይ እቀመጣለሁ፤ ዓይኗን አላይም። ቁራሽ ሥጋ አጠገቤ አስቀምጬ ዝም እላለሁ። አንዷን እንዲህ 6 ቀን ጠበቅኳት። በ7ኛው ቀን እርጥብ አፍንጫዋ ክርኔን ነካ። እኔም አልተንቀሳቀስኩም።